ድረ ገጼን ወደ አዲስ ዶሜይን ሳዛውር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ውሳኔው

ስለ ኮምፒውተር አጠቃቀም በአማርኛ የምጽፍበት ድረ ገጽ ስሙ ጠቦታል። ሲጀመር ስለ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነበር፤ አሁን አብዛኞቹ ጽሑፎች ከስሙ ጋር አይገናኙም። አዲሱ ዶሜይን (ድረ ገጹ በኢንተርኔት የሚጠራበት ስም) በእጄ ገብቷል። የሚቀረው ዋናው ሥራ ነው፤ አንባቢው መንገድ ላይ ሳይቀር መዛወር።

አብዛኛው አንባቢዬ የሚመጣው ጉግል ላይ ጠይቆ ነው። የቀረው ደግሞ ሌሎች በየድረ ገጻቸውና በየቴሌግራም ቻናላቸው ያኖሯቸውን ሊንኮች ተከትሎ ይደርሳል። ሁለቱም መንገዶች የሚያደርሱት አሮጌው አድራሻ ላይ ነው። የፍለጋ ሞተር አንድን ገጽ የሚለየው በአድራሻው ነውና፣ እነማን እንደ ጠቆሙት፣ ለየትኛው ጥያቄ መልስ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ለዓመታት የተጠራቀመው ግምት ሁሉ የተመዘገበው በዚያ አድራሻ ስም ነው። ዝውውሩን የሚያሳውቅ ምልክት ከሌለ አዲሱ ገጽ እንደ እንግዳ ይቆጠራል፣ አሮጌውም እንደ ጠፋ።

ስለዚህ ለሥራው አንድ ደንብ አውጥቻለሁ፤ ከዶሜይኑ ስም በቀር ምንም ነገር አይነካም። የገጹ መልክ፣ የጽሑፎቹ ርዕስ፣ የምድቦቹ አከፋፈል፣ ሰርቨሩ፣ ሁሉም ባሉበት ይቆያሉ። አዲስ ስም ሲገኝ ሁሉንም አብሮ ማደስ እንደሚያምር አውቃለሁ። ነገር ግን አምስት ነገር በአንድ ላይ ተለውጦ የአንባቢ ቁጥር ቢወርድ የትኛው እንደ ጎዳው መለየት አይቻልም። አንድ ነገር ብቻ ከተለወጠ ጥፋቱ የት እንዳለ ይታወቃል፤ ማረምም ይቻላል።

የአዲሱ ስም የቀድሞ ታሪክ

ዶሜይን አዲስ የሚሆነው ለገዢው ብቻ ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በፊት ሌላ ሰው ይዞት፣ በቁማር ማስታወቂያ ወይም በተሰረቁ ጽሑፎች ሞልቶት፣ ከዚያ ጥሎት ሄዶ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭ በዌይባክ ማሽኑ የድሮ ገጾችን ቅጂ ስለሚያስቀምጥ ስሙን እዚያ ፈልጌ አየሁ፤ ምንም የለም። ዶሜይኑን ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው ሰርች ኮንሶል ላይ አስመዝግቤም በጉግል ሠራተኞች እጅ የተጣለ ቅጣት እንደሌለበት አረጋገጥሁ። ይህን ከመዛወር በፊት ማየት ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ከተዛወሩ በኋላ ማወቅ ግን ወራት ያስከፍላል።

ዝርዝሩ

የሥራው ልብ ይህ ነው። እያንዳንዱ አሮጌ አድራሻ ወደ ገዛ አቻው እንዲያደርስ፣ መጀመሪያ አሮጌዎቹ አድራሻዎች እነማን እንደሆኑ ማወቅ ግድ ነው።

ምንጮቼ አራት ናቸው። የመጀመሪያው ሳይትማፑ ነው፤ የድረ ገጹን አድራሻዎች ለፍለጋ ሞተር የሚዘረዝር ፋይል። ሁለተኛው ሰርች ኮንሶል፤ እስከ 16 ወር የሚደርስ የፍለጋ መረጃ ስለሚይዝ ከጉግል አንባቢ ያመጡ ገጾችን ያሳያል። ሦስተኛው ስክሪሚንግ ፍሮግ የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ ነጻው ቅጂ እስከ 500 አድራሻ ድረስ ሊንክ እየተከተለ ይሰበስባል። አራተኛው የሰርቨሩ መዝገብ ነው፤ ሰዎች በእርግጥ የጠየቁትን አድራሻ ሁሉ፣ እኔ የረሳሁትንም ጭምር፣ ይዞ ይገኛል። አራቱን በአንድ ሠንጠረዥ አጋጠምኋቸው።

እዚህ ላይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው የሚገጥመው ነገር አለ። የጽሑፎቼ አድራሻ በፊደላችን የተጻፈ ነው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ይይዛል። አድራሻ ሆኖ ሲላክ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ተከታይ ምልክቶች ይሆናል። «ሰ» ብቻዋን 9 ምልክት ትሆናለች፤ «ሰላም» 27። ድረ ገጼ የሚሠራበት ፕሮግራም፣ ወርድፕረስ፣ ለጽሑፍ አድራሻ የሚፈቅደው ቦታ 200 ምልክት ነው። ይህ ማለት ወደ 22 ፊደል ገደማ ሲደርስ አድራሻው ይቆረጣል፤ ረዘም ያለ ርዕስ ያለው ጽሑፍ ሁሉ አድራሻው መሀል ላይ የተቋረጠ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ቀላል አይደለም። ርዕሱን አይቶ አድራሻውን መገመት አይቻልም። ጽሑፎቹን በአዲሱ ቦታ እንደገና አስገብቶ አድራሻቸው ከርዕሳቸው በራሱ እንዲፈጠር መተውም አደገኛ ነው፤ ርዕሱ ከታተመ በኋላ ታርሞ ከሆነ አዲሱ አድራሻ ከአሮጌው ይለያል። ዝርዝሩ መወሰድ ያለበት ጽሑፎቹ በተቀመጡበት ዳታቤዝ ውስጥ በትክክል ከተጻፈው ነው፣ ከእነ ግድፈቱ። አንዳንድ አድራሻዎች ላይ «ሀ» መሆን የነበረበት «ሐ» ሆኖ ይታያል፤ አንዱ ላይ ቃል ተደግሟል። እንደ ጸሐፊ እጄን ይበላኛል፣ ግን አልነካቸውም። አንባቢ ያስቀመጠው አድራሻ ያ ነው።

ሌላም አለ። የፐርሰንቱ ተከታይ ሆሄያት በትልቁም በትንሹም የላቲን ፊደል ሊጻፉ ይችላሉ፤ ትርጉማቸው አንድ ነው። ዳታቤዙ በትንሹ ይጽፋል፣ መዝገቡ ላይ ብዙዎቹ በትልቁ ገብተዋል። ሁለቱን ዝርዝሮች እንዲሁ ያስተያየ ሰው ግማሹ ገጽ የጠፋ ይመስለዋል። ስለዚህ ሁሉንም መጀመሪያ ወደ ፊደል መልሼ ፈታሁ፤ ከዚያ ሳስተያይ ዝርዝሩ በጣም አጠረ፣ ልዩነቱም እውነተኛው ልዩነት ብቻ ሆነ።

ማዞሪያው

አሮጌው አድራሻ ሲጠየቅ ሰርቨሩ «ወደዚያ ተዛውሯል» ብሎ የሚመልሰው ማዞሪያ ቁጥር አለው። 301 ቋሚ ነው፤ 302 ጊዜያዊ። ለዝውውር የሚያስፈልገው 301 ነው፣ ምክንያቱም ለፍለጋ ሞተሩ «ከእንግዲህ አዲሱን መዝግብ» የሚለው እሱ ነው።

አንድ የሙያ ጓደኛዬ «ሁሉንም ወደ መነሻ ገጹ አዙረውና ተገላገል» አለኝ። ይህን ምክር በጽኑ እቃወማለሁ። የተሰረዘ ፋይል እንዴት እንደሚመለስ ጠይቆ የመጣ ሰው መነሻ ገጽ ላይ ቢጣል ጥያቄውን እንደገና ከዜሮ መጀመር አለበት፤ አብዛኛው ሰው አይጀምርም፣ ይመለሳል። ጉግልም እንዲህ ያለውን ማዞሪያ ገጹ እንደሌለ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የዚያ ገጽ ግምት ወደ መነሻ ገጹ አይሻገርም፣ ይባክናል።

መንገዶቹ ስላልተለወጡ እኔ የምፈልገው አንድ ደንብ ብቻ ነው፤ ከዶሜይኑ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ እንዳለ ይዘህ ወደ አዲሱ ዶሜይን ውሰድ። ሰርቨሬ ኤንጂንኤክስ ነው። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ የተጠየቀውን አድራሻ የሚይዙ ሁለት ተለዋዋጮች አሉ፤ አንዱ ብሮውዘሩ በላከው መልክ ሳይነካ ያስቀምጠዋል፣ ሌላው ፈትቶ ያስተካክለዋል። ለአማርኛ አድራሻ የሚበጀው የመጀመሪያው ነው፤ ከጥያቄ ምልክት በኋላ የሚመጣውንም ሳይጥል ያሻግራል። አፓቺ የሚባለውን ሌላ የሰርቨር ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው በፐርሰንት የተመሰጠረ አድራሻ በደንቡ ውስጥ በቀጥታ ከጻፈ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል፤ የፐርሰንቱ ምልክት ራሱ እንደገና ተመስጥሮ %25 ይሆናል፣ አድራሻውም ይበላሻል። እንዳያመሰጥር በግልጽ ማዘዝ ያስፈልጋል። አድራሻ ላይ %25 የሚል ከታየ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ድርብ ምስጠራ ነው።

ሙከራውን በ302 ጀመርሁ። 301ን ብሮውዘር ያስታውሰዋል፤ የተሳሳተ ደንብ አንድ ጊዜ ከያዘ ሰርቨሩ ላይ ከታረመ በኋላ እንኳ ወደ ተሳሳተው ቦታ መውሰዱን ሊቀጥል ይችላል። ሁሉም በትክክል መሥራቱ ሲረጋገጥ ወደ 301 መለወጥ ይሻላል።

የእርምጃዎቹን ብዛትም ቆጠርሁ። አሮጌው ድረ ገጽ ካልተመሰጠረው ግንኙነት (http) ወደ ተመሰጠረው (https)፣ ከዚያም ሦስት ጊዜ ደብልዩ ካለው ወደሌለው የሚያዞሩ ደንቦች ከድሮ ጀምሮ ነበሩት። አዲሱ ደንብ እነዚህ ላይ ቢደረብ አንድ አንባቢ ሦስት ቦታ ተላልፎ ነው የሚደርሰው። ገጾችን እየዞረ የሚያነበው የጉግል ፕሮግራም፣ ጉግልቦት፣ እስከ 10 እርምጃ ድረስ ይከተላል፤ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ጊዜ ይበላል፣ አንዱ ቢሰበርም ሰንሰለቱ ሁሉ ይቆማል። አራቱም የአሮጌው ስም አጻጻፎች በአንድ እርምጃ ብቻ ወደ አዲሱ እንዲደርሱ አድርጌ ደንቦቹን ከሥሩ ጻፍኋቸው።

ዳታቤዙ

በጽሑፎቹ ውስጥ እርስ በርስ የሚጠቁሙ ሊንኮች በሙሉ የአሮጌውን ዶሜይን ስም ይዘዋል። ማዞሪያው ቢያደርሳቸውም፣ በገዛ ቤቴ ውስጥ አንባቢን በዙሪያ መንገድ መላክ ተገቢ አይደለም።

ዳታቤዙን ወደ ጽሑፍ ፋይል አውጥቶ አሮጌውን ስም በአዲሱ መተካት የመጀመሪያው የሚታሰብ መንገድ ነው፤ ወርድፕረስን የሚጎዳውም እሱ ነው። የገጹ ቅንብሮች የሚቀመጡት ከእነ ርዝመታቸው ተቆጥረው ነው። ለምሳሌ አንድ መስመር «የሚቀጥለው ቃል 27 ምልክት ነው» ይልና ቃሉን ይጽፋል። አዲሱ ስም በአራት ምልክት ቢያጥር ቃሉ 23 ይሆናል፤ ቁጥሩ ግን አሁንም 27 ነው። ወርድፕረስ የተጻፈበት ቋንቋ፣ ፒኤችፒ፣ ሲያነበው ቁጥሩና ቃሉ አይገጥሙለትም፣ ያንን ቅንብር በሙሉ ይጥለዋል። በውጤቱ በጎን ያሉት ሳጥኖችና የገጹ መልክ ቅንብሮች ምክንያታቸው ሳይታወቅ ይጠፋሉ። የወርድፕረስ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ይህን ያውቃል፤ ቃሉን ሲተካ ቁጥሩንም ያርማል። ምንም ሳይለውጥ የሚለወጠውን ብቻ የሚያሳይ የሙከራ አሠራርም ስላለው መጀመሪያ በዚያ አየሁ።

ከመተካቱ ውጪ ያደረግሁት አንድ ዓምድ አለ። እያንዳንዱ ጽሑፍ ሲወለድ የሚሰጠው ቋሚ መለያ ነው፤ አድራሻ ቢመስልም አድራሻ አይደለም። አዳዲስ ጽሑፎችን ከየድረ ገጹ በሚሰበስብ መጋቢ አንባቢ (RSS) ፕሮግራም የሚከታተሉኝ ሰዎች ፕሮግራማቸው ያነበቡትን ካላነበቡት የሚለየው በእሱ ነው። ቢለወጥ ለዓመታት የጻፍሁት ሁሉ እንደ አዲስ ጽሑፍ ይዘንብባቸዋል።

ከዚህ በኋላ የእያንዳንዱን ገጽ ምንጭ ኮድ ከፍቼ ዋናው አድራሻ የትኛው እንደሆነ የሚናገረውን መስመር ተመለከትሁ። እዚያ የአሮጌው ስም ቢቀር፣ አሮጌው አድራሻ «አዲሱ ነው ዋናው» እያለ አዲሱ ደግሞ «አሮጌው ነው» ይላል፤ የፍለጋ ሞተሩም ማንን እንደሚያምን አያውቅም። ሁሉም አዲሱን ይላሉ። ለሙከራ በተዘጋጀው ቅጂ ላይ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይመዘግቡ የሚከለክለው ምልክትም ተነስቷል።

የዝውውሩ ቀን

አንባቢ የሚያንስበትን ሰዓት መርጬ ጠዋት በማለዳ ጀመርሁ። ሙሉ መጠባበቂያ ቅጂ ወሰድሁ፣ ማዞሪያውን ወደ 301 ቀየርሁ፣ አዲሱን ሳይትማፕ አስገባሁ። የአሮጌውን ሳይትማፕ ፋይል ከማዞሪያው ውጪ አድርጌ ባለበት ተውሁት፤ ጉግልቦት አሮጌዎቹን አድራሻዎች ቶሎ እንዲጎበኝና ማዞሪያቸውን እንዲያይ እፈልጋለሁ። በዚሁ ምክንያት የአሮጌውን ዶሜይን ለጉግልቦት መዝጋት ትልቅ ጉዳት ነው፤ ያልገባበትን ገጽ ማዞሪያ ማየት አይችልም።

ከዚያ ዝርዝሩን በሙሉ አድራሻ ጠይቆ የሰርቨሩን መልስ በሚያሳየው በከርል አሳለፍሁት። ለእያንዳንዱ አሮጌ አድራሻ የምፈልገው መልስ አንድ 301 እና አንድ 200 («ገጹ ይኸው») ብቻ ነው። የሥዕሎቹንም አልዘለልሁም፤ ከሥዕል ፍለጋ የሚመጣ አንባቢ አለ፣ ሌሎች ድረ ገጾች ላይ የተለጠፉ የእኔ ሥዕሎችም አሉ።

በመጨረሻ ሰርች ኮንሶል ውስጥ የአድራሻ ለውጥ ማሳወቂያውን ሞላሁ። የሁለቱም ዶሜይኖች ባለቤትነት በአንድ የጉግል መለያ መረጋገጥ አለበት፤ መሣሪያው ራሱም ጥቂት ገጾችን መርምሮ ማዞሪያው መኖሩን ያያል። ማሳወቂያው ለ180 ቀን ይሠራል። ማዞሪያው ግን ከዚያ በላይ መቆየት አለበት፤ ጉግል ቢያንስ 1 ዓመት ይላል። እኔ ማብቂያ አላበጀሁለትም።

በሳምንቱ ውስጥ

በየማለዳው የማነበው የሰርቨሩን መዝገብ ነው። ጉግልቦት ከወትሮው በዝቶ ይመጣል፤ ከዝውውር በኋላ የሚጠበቅ ስለሆነ ሰርቨሩ እንዳይጨናነቅ ብቻ እከታተላለሁ።

404 («ገጹ አልተገኘም») የሚል መልስ ያገኙትን አድራሻዎች ለይቼ ሳወጣ ያልጠበቅሁት ነገር ብቅ አለ። ከእነሱ መካከል የተወሰኑት ትክክለኛ አድራሻ ናቸው፣ ግን መጨረሻቸው ላይ ሦስት ተጨማሪ ባይት አለ። ፈትቼ ሳየው «።» ነው። አራት ነጥብ! ሰዎች ሊንኩን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ አድርገው፣ ክፍት ቦታ ሳይተዉ አራት ነጥቡን ያስከትላሉ፤ መልእክቱን የሚያሳየው ፕሮግራም ደግሞ አራት ነጥቡን የአድራሻው አካል አድርጎ ይወስደዋል። ጽሑፌን ለወዳጁ የጠቆመ ሰው በሥርዓት ስለ ጻፈ ብቻ ወዳጁ ባዶ ገጽ ላይ ደርሷል። ከዝውውሩ ጋር የመጣ ችግር አይደለም፤ ከበፊቱም ነበር። ዝርዝሩን እንዲህ በቅርበት ባላየው አላውቀውም ነበር። በአድራሻው መጨረሻ ላይ ያለ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ ተቆርጦ እንዲወድቅ ደንብ ጨመርሁ። ከዶሜይኑ ስም ውጪ ምንም አልነካም ያልሁትን ደንብ ይህ አይጥስም፤ ለማንም ያልሠራ አድራሻ ነው እንዲሠራ የሆነው። በአማርኛ የሚጽፍ ሁሉ መዝገቡን ከፍቶ ይህን እንዲፈልግ አጥብቄ እመክራለሁ።

የአሮጌው ዶሜይን የደህንነት ሰርተፍኬትም የዚህ ሳምንት ሥራ ነበር። ብሮውዘር ማዞሪያውን ከመስማቱ በፊት ሰርተፍኬት ይጠይቃል፤ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ አንባቢው ቀይ ማስጠንቀቂያ አይቶ ይመለሳል፣ ማዞሪያው ቢኖርም አይደርስበትም። የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፍኬት የ90 ቀን ዕድሜ ስላለው አሮጌው ስም በራስ ሰር እድሳቱ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አየሁ። እድሳቱ ሲደረግ ለማረጋገጫ የሚጠየቀውን ማህደርም ከማዞሪያው ውጪ አድርጌ ሞከርሁት፤ ይታደሳል።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ

ሰርች ኮንሶል ላይ ሁለት ግራፎች ጎን ለጎን ከፍቼ አያለሁ። የአሮጌው ይወርዳል፣ የአዲሱ ይወጣል። አንዱን ብቻ ያየ ሰው ይደነግጣል ወይም ያለ ቦታው ይደሰታል፤ መደመር ያለበት የሁለቱ ነው። ድምሩ መጀመሪያ ላይ ዝቅ ብሎ ነበር። ጉግል መካከለኛ መጠን ላለው ድረ ገጽ አብዛኞቹ ገጾች እስኪዛወሩ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል ስለሚል እጄን ሰብስቤ ጠበቅሁ። በዚህ ጊዜ ርዕስ መቀያየርና ደንብ መነካካት የሚያመጣው ነገር ቢኖር ምልክቶቹን ማደበላለቅ ነው።

የአሮጌው ዶሜይን ገጾች ሪፖርት ላይ «ማዞሪያ ያለው ገጽ» የሚለው ቁጥር እየጨመረ ነው። ርዕሱ ችግር ቢመስልም የምፈልገው እሱን ነው። ጉግል ላይ የአሮጌውን ስም ለይቶ የፈለገ ሰው እስካሁን ውጤት ያገኛል፤ ይህም የሚያሳስብ አይደለም፣ እንዲህ ላለው ፍለጋ አሮጌ አድራሻ ማሳየት ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል። አሁን ድምሩ ወደ ነበረበት ተመልሷል። ብዙ አንባቢ የሚያመጡትን ገጾች አንድ በአንድ አየኋቸው፤ በየጥያቄያቸው የወጡበት ቦታ አልተናወጠም።

ያልተዘጋው ሥራ

ብዙ ሰው ለሚልኩልኝ ድረ ገጾች ባለቤቶች አጭር ደብዳቤ ጻፍሁ፤ የትኛው ገጻቸው ላይ የትኛው ሊንክ እንዳለና በምን እንደሚተካ ሁለቱን አድራሻዎች አስቀምጬ። ፈልገው እንዲያገኙ ማድከም አልፈለግሁም። ከፊሎቹ በዚያው ቀን ለወጡት። የቀሩትን ማዞሪያው ይሸከማቸዋል።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ግን አሮጌው ዶሜይን በእጄ እስካለ ድረስ ነው። እድሳቱ ቢያልፈኝ ሌላ ሰው ይገዛዋል፤ ለዓመታት የተሰበሰቡት ሊንኮችም በሙሉ ወደ እሱ ያመራሉ። እንደ እኔ ያለው ዓይነት ዶሜይን በአንድ ጊዜ ቢበዛ ለ10 ዓመት ሊመዘገብ ይችላል፤ የቻልሁትን ያህል አራዝሜ ከፈልሁ። ሂሳቡን ስከፍል የመዝጋቢው ድርጅት የእድሳት ማስታወቂያ የሚልክበትን ኢሜይል አየሁት፤ በዚያው በአሮጌው ዶሜይን ስም የተከፈተ ነው። ዶሜይኑ ቢቋረጥ መቋረጡን የሚነግረኝ ደብዳቤ አብሮ ይቋረጥ ነበር። ኢሜይሉን ቀይሬያለሁ። በዚያ አድራሻ የተመዘገብሁባቸውን ሌሎች አገልግሎቶች እየፈለግሁ መለወጥ ይዣለሁ፤ የፖስታ ቅንብሩንም እስክጨርስ አልነካውም።